"አያታችን ግሪክ ነበር"፦ ከውጭ የመጣ ቅድመ አያት ሲፈለግ የሚያሳስቱ ወሬዎችና እውነታው

አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ "ቅድመ አያታችን አርመን ነበር"፣ "ግሪክ ነበር"፣ "የመናዊ ነበር"፣ "ጣሊያን ነበር" የሚል ቤተሰብ ሞልቷል። ስለ ሰውዬው ግን ከዚህ አልፎ የሚያውቅ እምብዛም አይገኝም። አሁን የልጅ ልጆቹ፣ በተለይ ውጭ ያደጉት፣ መፈለግ ጀምረዋል፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ችግሩ ብዙዎቹ በወሬ ተመርተው ይጀምሩና መንገዱ ሲዘጋባቸው ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ወሬዎች ላንሳ።

"አርመን ከሆነ ከአርባዎቹ ልጆች አንዱ ነው"

ይህን የማይል የለም። አርባዎቹ ልጆች በኦቶማን ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1915 ከጀመረው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ አርመኖች ናቸው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም፣ አርመኖች ገዳም ውስጥ አገኟቸውና አዲስ አበባ አምጥተው የሙዚቃ ጓድ አደረጓቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። ታሪኩ ስለሚያምር የአርመን ዘር ያለው ሁሉ ወደዚያ ይጠጋል። እውነቱ ግን አርመኖች ከዚያ በፊትም በምኒልክ ጊዜ እዚህ ነበሩ። እስከ ዛሬ በአባባል የሚነሳው የሰርኪስ ባቡር (በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መኪና) ባለቤት ሰርኪስ ቴርዚያን ከእነሱ አንዱ ነው። ወርቅ ሠሪ፣ ልብስ ሰፊና ነጋዴ ሆነው የመጡም ነበሩ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው "መቼ መጣ?" ነው። የመጀመሪያ ልጁ እዚህ የተወለደው ከ1924 እ.ኤ.አ. በፊት ከሆነ ከአርባዎቹ መሆን አይችልም፤ ሌላ በር ማንኳኳት አለባችሁ።

"ስሙን እስካወቅሁ አገኘዋለሁ"

የትኛውን ስሙን? የእኛ አጠራር የአባትንና የአያትን ስም ይዞ ይሄዳል፣ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። የሰውዬው የቤተሰብ ስም ከሁለት ትውልድ በኋላ ጨርሶ ይጠፋና የሚቀረው የራሱ ስም ብቻ ነው፤ እሱም በአማርኛ አፍ ተለውጦ። ልጅቱን እናቷ ብቻዋን ካሳደገቻት ደግሞ በእናቷ አባት ወይም በእንጀራ አባቷ ስም ልትጠራ ትችላለች፣ ያኔ የእሱ ስም ወረቀት ላይ ጭራሽ የለም። ስለዚህ አንድ ስም ይዛችሁ አትሂዱ። የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ ትምህርት ቤት የተመዘገበው፣ መታወቂያ ላይ ያለው፣ ሰፈር የሚጠራበት፣ ሁሉንም ከነአጻጻፉ አንድ ገጽ ላይ አስፍሩ።

"ግሪክ ነበር፣ ስለዚህ አቴንስ ነው የሚፈለገው"

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዓመታት ያቃጥላል። በዚያን ጊዜ ወደ እኛ የመጡ ግሪኮች ከኦቶማን ግዛት፣ ከግብፅ፣ ከቆጵሮስም ሊሆኑ ይችላሉ። ቆጵሮስ ከ1878 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ እጅ ነበረች፣ ሮድስና አካባቢዋ ያሉት ደሴቶች ከ1912 ጀምሮ በጣሊያን እጅ። ሰውዬው ግሪክ ሆኖ የእንግሊዝ ወይም የጣሊያን ወረቀት ይዞ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የመናዊም እንዲሁ ነው። ኤደን እስከ 1937 እ.ኤ.አ. የምትተዳደረው ከብሪታንያ ሕንድ ስለነበር የዚያን ጊዜ የኤደን መዝገብ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ፣ ከሕንድ ሰነዶች ጋር ነው ያለው። የሚጠቅማችሁ የአገሩ ስም ሳይሆን የተወለደበት ከተማ ወይም ደሴትና በዚያ ዓመት ቦታውን ያስተዳድር የነበረው መንግሥት ነው።

"ጣሊያኑ ጥሎን ጠፋ፣ ስሙም የትም የለም"

ይህኛው ያመኛል፣ ምክንያቱም ያለ አባት ስም ያደጉ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የተሸከሙት ነገር ነው። ጥለው የሄዱ ብዙ ናቸው፤ በግፍ የተወለዱ ልጆችም አሉ፣ ያንን ማለሳለስ አይገባም። ግን መታወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ። የፋሺስት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ሕግ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት ይታሰር ነበር። በ1940 ደግሞ አባት ከእሷ የወለደውን ልጅ በሕግ ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ። ስለዚህ መዝገብ ላይ የአባት ስም አለመኖሩ ብቻውን አባትየው ልጁን እንደካደ አያሳይም፤ ከ1940 ወዲህ ሊያስመዘግብ ቢፈልግም ሕጉ አይፈቅድለትም ነበር።

ፍለጋው ደግሞ ከምታስቡት በላይ ይቻላል። በጣሊያን የወታደሮች የምልመላ መዝገብ በየአውራጃው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ይቀመጣል። የልደት መዝገብ ያለው በተወለደበት ማዘጋጃ ቤት ነው፣ ብዙ የቆየ መዝገብም አንቴናቲ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ይታያል። ስም፣ የተወለደበት ዓመት በግምት፣ አውራጃ፣ እነዚህን ሦስቱን ካገኛችሁ መንገድ አለ። እዚህ ደግሞ ልጁ ክርስትና የተነሳበትን የካቶሊክ ሚሲዮን ጠይቁ፤ የአባት ስም ባይጻፍ እንኳ የክርስትና አባትና እናት ይጻፋሉ፣ ከእነሱ ተነስቶ ብዙ ይገኛል።

"የዲኤንኤ ምርመራ ሁሉንም ይነግረኛል"

አይነግርም። ውጤቱ ላይ "ይህን ያህል በመቶ ግሪክ" የሚለው ድርጅቱ ካለው ናሙና ጋር ተነጻጽሮ የተሰጠ ግምት ነው፣ ድርጅት ስትቀይሩ ይቀየራል። ዋናው ጥቅሙ ዘመድ ማገናኘቱ ነው፣ ያም የሚሆነው በዚያ ወገን ያለው ዘመድም ከተመረመረ ብቻ ነው። ከአንድ ቅድመ አያት የምንወርሰው በአማካይ 12.5 በመቶ ነው። አክስታችሁ በሕይወት ካለች ግን እሷ የልጅ ልጁ ስለሆነች 25 በመቶ ገደማ አላት። ገንዘባችሁ ለአንድ ምርመራ ብቻ ከበቃ ከራሳችሁ በፊት እሷን አስመርምሩ፣ ፈቃደኛ ከሆነች።

"ዓመቱ አልገጠመም፣ ስለዚህ እሱ አይደለም"

ቶሎ አትጣሉት። ኅዳር 1920 ዓ.ም. ፈረንጆቹ ጋ 1927 ነው፣ የካቲት 1920 ግን 1928። ግሪክም እስከ 1923 እ.ኤ.አ. በአሮጌው አቆጣጠር ስለነበረች ቀኑ በ13 ቀን (ከ1900 በፊት በ12 ቀን) ይለያያል። የሂጅራ ዓመት ደግሞ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ይንሸራተታል። ማስታወሻችሁ ላይ ቀኑን እንደተጻፈ ቅዱት፣ የለወጣችሁትን ከጎኑ ጻፉ።

"በደርግ ጊዜ ሰነዱ ሁሉ ጠፍቷል"

የጠፋ አለ። ግን በመላ አገሪቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያውኑ ያልነበረ የልደት ወረቀት ጠፋ እያልን እያለቀስን ነው። ያለውን ፈልጉ። ቤት ከነበራቸው ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. ሲወረስ የተከፈተ ፋይል ሊኖር ይችላል። ሰው ሲሞት ፍርድ ቤት የሚሰጠው የወራሽነት ማስረጃ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ ልጆችን በሙሉ ስም ይዘረዝራል፣ አንዳንዴ ቤተሰቡ የማያውቀውን ልጅ ጭምር። ፎቶም ካላችሁ ከፍሬሙ አውጡትና ጀርባውን እዩ። የፎቶ ቤት ማህተም ካለበት ከተማውንና ዘመኑን ይጠቁማል፤ ቦያጂያን የሚባሉት አርመኖች አዲስ አበባ ላይ አባትም ልጅም ፎቶ አንሺ ነበሩ።

"የምንፈልገው እሱን ነው፣ የእሷ ወገን ይታወቃል"

በጭራሽ አይታወቅም! ስለ ፈረንጁ ሃያ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው የቅድመ አያቱን የአባቷን አባት ስም ሲጠየቅ ዝም ይላል። ልጆቹን ያሳደገችው፣ አማርኛውን ወይም ኦሮምኛውን ያስተማረችው፣ ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት። ደግሞ የእሷ መንገድ በጣም ያጠረ ነው፤ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኗ አለ፣ ዕድሯ አለ፣ የትውልድ አገሯ በአውቶቡስ ይደረሳል። ለትልቋ አክስታችሁ ዛሬ ደውሉ፣ እየቀዳችሁ መሆኑን ነግራችሁ ስልኩን ቅዱ፣ እና ከሴቷ ቅድመ አያታችሁ ጀምሩ። ከየት አገር መጣች? ማን ክርስትና አነሳት? እህት ወንድም ነበራት? ልጆቿን ማን አዋለዳት? የት ተቀበረች? ሰውዬውስ ከእሷ ጋር የት ተገናኙ?