ቴምብር፣ ታፔላ፣ ቆርኪ፦ የግራፊክ ዲዛይናችን ታሪክ በመሀል አዲስ አበባ

የኢትዮጵያ ግራፊክ ዲዛይን ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው የብራና መጻሕፍት ማስጌጫ የሆነውን ሐረግ ነው። ሐረጉ ግሩም ነው፤ ብዙም ተጽፎለታል። እዚህ የምናየው በየቀኑ በእጃችን የሚያልፈውን ነው፤ ቴምብሩን፣ ብሩን፣ ጋዜጣውን፣ የቢራ ጠርሙሱን። የዚህ ታሪክ አብዛኛው ከፒያሳ እስከ ለገሃር፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው መሀል ከተማ ይገኛል።

ከሁሉም በደንብ የተጠበቀው ቴምብር ነው። ለዚህም ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው የፖስታ ሙዚየም ሊመሰገን ይገባል። የፖስታ አገልግሎት በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ሲጀመር የወጡት ቴምብሮች 7 ነበሩ። ከሩብ እስከ 2 ግርሽ ያሉት አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ ይዘዋል። ባለ 4፣ ባለ 8 እና ባለ 16 ግርሾቹ ላይ ያለው የይሁዳ አንበሳ ነው። ቅርጹን የሠራው ፈረንሳዊው ኧዤን ሙሾን ነው፤ የታተሙትም ፓሪስ ነው። ጽሑፉ ግን በሙሉ የእኛው ፊደል ነው። ዓድዋ ገና 2 ዓመት ይቀረው ነበር።

እነዚህ ቴምብሮች ከአገር ውጭ አይሠሩም ነበር። ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳዮቹ ቴምብር ይጨመርበታል። ይህ የቀረው ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን ነው። ያኔ በወጡት ቴምብሮች ላይ ፈረንሳይኛም ከአማርኛው ጎን ታተመ። ሁለት ዓይነት ፊደል የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ወረቀት ላይ ሳይጋፉ እንዲቀመጡ ማድረግ ቀላል አይደለም። ዛሬ የዘይት ወይም የሳሙና ማሸጊያ የሚሠራ ዲዛይነርም የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው።

የቴምብሩ አንበሳ እዚያው አልቀረም። የከተማ አውቶቡሱም ስምና ምልክት አንበሳ ሆነ። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳም እዩት። ሞሪስ ካልካ ለአፄ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ የንግሥ በዓል በ1948 ዓ.ም. የሠራው ነው። ጥቂት ጠንካራ መስመሮች ብቻ ናቸው፤ ከሩቅ ግን ወዲያው ይለያል። አንድ ጥሩ ምልክት የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ወደ ኅትመት ስንመጣ ቅድሚያው የብርሃንና ሰላም ነው። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1914 ዓ.ም. ያቋቋሙት ይህ አንጋፋ ማተሚያ ቤት ዛሬም አራት ኪሎ አለ። በስሙ የተጠራው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም.፣ አዲስ ዘመን ደግሞ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ወጡ። የብዙ ሰው ዓይን የታተመ አማርኛን የለመደው በዚህ ቤት ፊደል ነው። ከእነሱ የሚቀድመው አእምሮ የተባለው ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ ይጻፍ ነበር፤ የጀመረበት ዓመት ላይ ጸሐፊዎች አይስማሙም።

የጽሕፈት መኪናው ሌላ ፈተና ነበር። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ ገና አልተቆጠሩም። ይህን ሁሉ ቁልፍ የሚሸከም መኪና የለም። ስለዚህ ፊደሉ ተቆራረጠ። መጀመሪያ ዋናው አካል ይመታል፣ ከዚያ እግሩ ወይም ቀለበቱ ይቀጠልለታል። በድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ቀለበቱ ከፊደሉ ፈቀቅ ብሎ የምናየው ለዚህ ነው። የፈጠራው ክብር በብዙዎች ዘንድ የኢንጂነር አያና ብሩ ነው። ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ በማስገባት ማን ቀደመ የሚለው አሁንም ያከራክራል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ውስጥ የገባው ግን በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።

ሥዕል ትምህርት ቤቱ በአለ ፈለገ ሰላም አማካይነት በ1950 ዓ.ም. ተከፈተ። ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ»ን ይዘው አገሪቱን በፖስተር ለዓለም ያስተዋወቁት ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። በ1969 ዓ.ም. የንጉሡ ምስል ከገንዘቡ ላይ ወርዶ ሕፃን ልጅ፣ ቡና ለቃሚና ስፌት የምትሰፋ ሴት ገቡ። ባለ አንድ ብር ላይ ያለውን ልጅ የማያስታውስ የእኛ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጊዮርጊስ ቢራ በ1910ዎቹ ሜክሲኮ አካባቢ ተመሠረተ። ፈረሰኛው ቅዱስ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳየው ምልክት ቆርኪውም ላይ አለ፤ ያን ቆርኪ ደግሞ ልጆች ሰብስበው ተጫውተውበታል።

ታፔላ ሙዚየም የለውም። የፒያሳ ጸጉር ቤቶች፣ ልብስ ሰፊዎችና ወርቅ ቤቶች ስማቸውን በብሩሽ ያስጽፉ ነበር። ጸሐፊው ለፊደሉ ጥላ ይሠራለታል፣ ጠርዙን በሌላ ቀለም ይከበዋል፤ የአንዱ እጅ ከሌላው ይለያል። ከዚያ የኮምፒውተር ባነርና ላይትቦክስ መጣ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ በግድግዳና በቆርቆሮ ላይ የቀረው ጽሑፍም አብሮ ሄደ። በመንደር ውስጥ ባሉ ትንንሽ ሱቆች በር ላይ ግን በእጅ የተጻፈ ታፔላ ዛሬም ይገኛል።