አርት ኩዊልት ምንድን ነው? በጨርቅና በመርፌ መሣል

ኩዊልት ሦስት ድርብ ያለው ጨርቅ ነው። ከላይ ፊቱ፣ ከታች ገበሩ፣ መሃል ላይ ደግሞ ባዘቶ ወይም ሌላ ሙሌት ይገባል። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዛቸው ስፌት ነው። አልጋ ላይ ሲነጠፍ ብርድ ልብስ ነው። አርት ኩዊልት ግን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እንደ ሥዕል ይታያል። አሠራራቸው ያው ነው። የሚለያቸው ሠሪው በሥራው ሊያሳይ የፈለገው ነገር ነው።

ትርጉሙ ይኸው ነው፣ ብዙ አያስቸግርም። ሰው ለምን ወራት ሙሉ መርፌ ይዞ እንደሚቀመጥ ማስረዳት ግን ረዘም ያለ ወሬ ይፈልጋል።

ሠዓሊ ባዶ ሸራ ፊት ይቆማል። ኩዊልት ሠሪ ከባዶ አይጀምርም። እጁ የገባው ቁራጭ የራሱ ቀለም፣ የራሱ ክብደት፣ አንዳንዴም የለበሰው ሰው ታሪክ አለው። ጉልበቱ ላይ የነጣ ካኪ ሱሪ፣ የልጅ ዩኒፎርም፣ ከሐበሻ ቀሚስ የተረፈ የጥለት ጫፍ፣ ብዙ ታጥቦ የለሰለሰ ነጠላ። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው አንዱ ሌላውን ይለውጠዋል። ግራጫ ቁራጭ ደማቅ ቀይ አጠገብ ሲሆን አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል። ያንኑ ቁራጭ አረንጓዴ አጠገብ አድርጉት፣ ቀላ ይላል። ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ እዚህ ጋ ነው። ገና አንድም ነገር ሳይሰፋ፣ ቁርጥራጩን እያነሱ እያስቀመጡ ማምሸት። ሰዓቱ የት እንደሄደ አይታወቅም።

አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ ኩዊልት ሲሠሩ ኖረዋል። ከጂንስ ሱሪ ላይ ኪሱን ሲያነሡት ከሥሩ ያለው ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው ጠቆር ብሎ ይቀራል። እነሱም አልሸፈኑትም፤ የሥዕሉ አካል አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራዎቻቸው በትልልቅ ሙዚየሞች ሲታዩ ብዙ ሰው ከዘመናዊ ሥዕል ጋር አወዳደራቸው። ሴቶቹ ግን መጀመሪያ የሠሩት ቤተሰባቸውን ከብርድ ለማዳን ነበር።

እኛ ጣና ዳር የምንኖር ሰዎች ለዚህ ሥራ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ባሕር ዳር ጨርቅ የምታውቅ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጣሊያን የጦር ካሳ የተቋቋመ ነው። ዩኒቨርሲቲዋ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። የልብስ ሰፊ ደጃፍ ላይ ደግሞ ብጥስጣሽ ጨርቅ ጠፍቶ አያውቅም። ጠይቁ፣ ደስ ብሏቸው ይሰጧችኋል።

ቀለሙስ? ሐይቁ ብቻውን ይበቃል። ማለዳ ላይ ብርማ ነው፣ ቀትር ላይ ሰማያዊ። ክረምት ሲገባና ወንዞቹ ጭቃ ይዘው ሲመጡ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። አዲስ የተሠራ ታንኳ ደንገሉ ገና አረንጓዴነት አለው፤ ሲደርቅ ወደ ወርቅማ ይሄዳል። እኔ ብሆን አንድ ታንኳ ለመሥራት አንድ ቢጫ ጨርቅ አልጠቀምም። አምስት ስድስት ዓይነት ቢጫና ገለባማ ቁራጭ በቀጫጭኑ ቆርጬ አሰልፋለሁ። ደንገል እንደዚያ ነው፣ አንዱ ዘንግ ከሌላው አይመሳሰልም።

ዘጌ የሄደ ሰው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያስታውሳል። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ፤ ሥዕሎቹ የተሣሉት በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይደለም። የጥጥ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ጨርቁ ላይ ነው የተሣሉት። ታሪኩ በሳጥን በሳጥን ተከፍሎ፣ በረድፍ ተደርድሮ ይነበባል።

ይህን የተመለከተ ሰው የሃሪየት ፓወርስን ሥራ ሲያይ አይገረምም። ፓወርስ እ.ኤ.አ. በ1837 አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ተወለደች። ነፃ ከወጣች በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በኩዊልት ሠራች። አዳምና ሔዋንን፣ ቃየንና አቤልን፣ የያዕቆብን ሕልም፣ ስቅለቱን ከጨርቅ ቆርጣ፣ ሌላ ጨርቅ ላይ ሰፍታ፣ በ11 ክፍል አቀረበች። ሰው ኩዊልቱን ልግዛ ብሎ ሲጠይቃት መጀመሪያ እምቢ አለች። ኋላ ችግር ሲጠናባት 10 ዶላር ጠየቀች፣ 5 ተሰጣት። ስትሸጠው እያንዳንዱን ሥዕል ለገዢዋ አስረዳች፤ ገዢዋም ጻፈችው። ከዚያ በኋላ ኩዊልቷን ለማየት ደጋግማ ትመጣ ነበር ይባላል። ዛሬ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። እኔ ስለ ኪነ ጥበብ ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ ይህ አንጀቴን ይበላዋል።

የጥበብ ዓለም ኩዊልትን በቁም ነገር ያየው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኒው ዮርክ የሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም የቆዩ ኩዊልቶችን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቀለ። በ1979 ኦሃዮ ውስጥ ኩዊልት ናሽናል የተባለው ኤግዚቢሽን ተጀመረ። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ፌዝ ሪንጎልድ ደግሞ በ1980 የልብስ ዲዛይነር ከነበረችው እናቷ ጋር የመጀመሪያ ኩዊልቷን ሠራች። ኋላም ጨርቁ ላይ ታሪክ እየጻፈች ትሥል ነበር። በእኛም አገር ኤልያስ ስሜ ሸራ ላይ በክር እየሰፋ ትልልቅ ሥራዎች ሠርቷል። ኩዊልት አይደሉም። ነገር ግን መርፌና ክር ትንሽ ነገር ነው ለሚል ሰው እነሱን ማሳየት ይበቃል።

አሁን ወደ ስፌቱ። አዲስ ጀማሪ ስፌት ጨርቅ ማያያዣ ብቻ ይመስለዋል። በኩዊልት ግን ስፌት መሥመር ነው። መርፌው ሦስቱን ድርብ ወግቶ ሲያልፍ ጨርቁ እዚያ ጋ ይሰረጉዳል፣ ግራና ቀኙ ያብጣል። ብርሃን ከጎን ሲመጣ ጥላ ይጥላል። ሥዕል ላይ ጥላ ይቀባል፤ እዚህ ጥላው እውነተኛ ነው፣ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ይንቀሳቀሳል።

ምሳሌ ልስጥ። ግልገል አባይ ጣና ይገባል፣ ባሕር ዳር ላይ አባይ ይወጣል። የአገሬው ሰው ወንዙ ከሐይቁ ሳይቀላቀል አቋርጦ ያልፋል ይላል። ይህን እንዴት ትሠሩታላችሁ? ሌላ ቀለም ያለው ጨርቅ ብታስገቡ ወንዙ ጎልቶ ይወጣል፣ ነገሩ ያልቃል። እኔ ሐይቁን በሙሉ በአንድ ሰማያዊ እሠራውና ወንዙን በዚያው ቀለም ክር፣ በስፌት ብቻ አሳልፈዋለሁ። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ሐይቅ ብቻ ነው። ወደ ጎን ሲራመድ ወንዙ ብቅ ይላል። ቀለም ቀቢ ይህን ማድረግ ይከብደዋል። ኩዊልት ሠሪ በአንድ መርፌ ያደርገዋል።

ለመጀመር 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ትልቅ ነገር አትመኙ፣ ያሰለቻል። ጨርቁን አስቀድማችሁ እጠቡት። ጥጥ ይሰበሰባል፤ ቀይ ደግሞ ቀለሙን ይለቃል። ከዚያ ተኩሱት። ግድግዳ ላይ ጸጉራም ብርድ ልብስ ስቀሉና ቁርጥራጩን እዚያ ላይ ለጥፉ፤ ቀላል ጥጥ ያለ መርፌ ይያዛል። ወደ ኋላ ሄዳችሁ እዩት። በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ ቀለሙ ቢያምርም ሥዕሉ ደብዝዟል ማለት ነው፤ ጠቆር ያለ ወይም ነጣ ያለ ጨምሩ።

ለገበር አቡጀዲ ጥሩ ነው። ለመሃሉ ባዘቶ ካጣችሁ ያረጀ ጋቢ ይሆናል። ሦስቱን በመርፌ ቁልፍ ያዝ ያዝ አድርጉና ከመሃል ወደ ዳር ስፉ። ከዳር ከጀመራችሁ መሃሉ ይጨማደዳል። የእግር ስፌት መኪና ላለው ሰው ጨርቁን ከሥር የሚስበውን የመኪናውን ጥርስ ሸፍኖ ጨርቁን በእጅ ወደ ፈለጉት አቅጣጫ መንዳት ይቻላል። ውሃና ሞገድ በዚህ መንገድ ጥሩ ይወጣል።

ሲያልቅ ዳሩን ቀምቅሙ። ከጀርባው ከላይ በኩል እንደ እጅጌ ያለ ማስገቢያ ስፉበትና ዱላ አስገብታችሁ ስቀሉት። ቀጥታ ፀሐይ አያግኘው፣ ቀለሙን ይበላዋል። ጀርባው ላይ ትንሽ ጨርቅ ጨምሩና ስማችሁን፣ ዓመቱን፣ ጨርቁ ከማን ልብስ እንደመጣ ጻፉበት።