ስለ ዲሲ ምክር ቤትና ስለ ሰፈር ኮሚሽነሮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ከአገር ውጭ ብዙ ኢትዮጵያዊ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ምግብ ቤት ግቡ፣ ታክሲ ያዙ፣ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ መኪና አቁሙ፣ የኛ ሰው አይጠፋም። ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ስንከራከር እናመሻለን። የምንኖርበትን ከተማ የሚያስተዳድረው ምክር ቤት ሲነሳ ግን ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው ወሬ ብዙ ስህተት አለበት። ስህተቱ ደግሞ ኪስ ይነካል። ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ የንግድ ፈቃድ ሁሉ እዚያ ያልፋል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ሁሉንም የምትወስነው ከንቲባዋ ናት»

አይደለም። ዲሲ የራሷን ከንቲባና ምክር ቤት የምትመርጠው ኮንግረስ በ1973 ባወጣው የሆም ሩል ሕግ ነው። ምክር ቤቱ 13 አባላት አሉት። ስምንቱ ከየዋርዳቸው (ከየምርጫ ክልላቸው) ይመረጣሉ፤ ሰብሳቢውና ሌሎቹ አራቱ ግን በመላው ከተማ። በጀቱን አዘጋጅታ የምታቀርበው ከንቲባዋ ብትሆንም፣ አገላብጦ የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። ከንቲባዋ አልፈርምም ብላ የመለሰችው ሕግ እንኳን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊጸና ይችላል።

የአስተናጋጆችን ጉዳይ ተመልከቱ። በቲፕ የሚሠሩ ሰዎች መነሻ ደመወዛቸው ከሌላው ሠራተኛ ያነሰ ነው። ይህ ልዩነት ቀስ በቀስ እንዲቀር የሚጠይቅ ሐሳብ በጁን 2018 ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ አለፈ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ምክር ቤቱ 8 ለ5 ሻረው። በ2022 ተመሳሳይ ሐሳብ እንደገና ቀርቦ በሰፊ ድምፅ አለፈ። በ2025 ምክር ቤቱ እንደገና ገብቶ ቀየረው። ከእኛ መካከል በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ወገን አለ፤ ምግብ ቤት ያለውና ምግብ ቤት ውስጥ የሚሠራው። ማን ልክ ነው የሚለውን ልተወው። የሁለቱም ኑሮ የተወሰነው ግን በነዚያ 13 ሰዎች ድምፅ ነው። ያን ጊዜ ስንቶቻችን የዋርዳችንን ተወካይ ስም እናውቅ ነበር?

«ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ሄደን እንናገራለን»

እንደኔ ከሁሉም የሚጎዳን ይኼ ነው። ምክር ቤቱ ለድምፅ በሚሰበሰብበት ቀን ሕዝብ አይናገርም። ሕዝብ የሚናገረው ቀደም ብሎ፣ ጉዳዩን የያዘው ኮሚቴ በሚጠራው መድረክ ላይ ነው። ከዚያ ኮሚቴው ረቂቁን ያስተካክላል። ቀጥሎ መደበኛ ሕግ ከሆነ ሙሉ ምክር ቤቱ በሁለት የተለያዩ ቀናት ሁለት ጊዜ ድምፅ ይሰጥበታል። ሁለተኛው ድምፅ ላይ ሲደረስ አባላቱ አብዛኛውን ጊዜ አቋማቸውን ይዘው ጨርሰዋል።

በኦክቶበር 2014 ምክር ቤቱ እነ ኡበር በሕግ እንዲሠሩ የሚፈቅደውን ሕግ ሲያጸድቅ፣ ታክሲ ነጂዎች የምክር ቤቱ መቀመጫ በሆነው በዊልሰን ሕንጻ አካባቢ መንገዱን ሞልተው ጥሩምባ አሰሙ። ከመካከላቸው ብዙ የኛ ሰዎች ነበሩ። ጩኸቱ እውነተኛ ነበር፤ የልጆቻቸው እንጀራ ነው። ሕጉ ግን ያን ቀን አለፈ።

መድረኩ ላይ ለመናገር ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። አስቀድማችሁ ትመዘገባላችሁ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። ብዙዎቹ መድረኮች በዙም ስለሚካሄዱ ከሥራ እረፍት ላይ ሆኖም መግባት ይቻላል። ካልተመቸ በጽሑፍ መላክ ነው። ሦስት ደቂቃ አጭር ይመስላል፤ በደንብ ከተያዘ ግን ይበቃል። «ዋርድ 4 እኖራለሁ። ማታ ጋራዥ እሠራለሁ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስወጣ አውቶቡስ የለም። ይህ በጀት የመስመሩን ሰዓት እንዲያራዝም እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ሥራውን ጨርሷል። የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚያውቅ፣ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ተናግሯል። አባላቱ ከባለሙያ የማይሰሙት ይህንን ነው።

«የሰፈር ኮሚሽነር ምንም ሥልጣን የለውም»

ኮሚሽነሮቹ ተሰብስበው የሚወያዩበት አካል ሙሉ ስሙ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ነው፤ ሰው የሚጠራው ግን ኤ.ኤን.ሲ ብሎ ነው። ከተማው ወደ 2,000 ሰው በሚኖርባቸው ትንንሽ ክልሎች ተከፍሏል። እያንዳንዱ ክልል አንድ ኮሚሽነር ይመርጣል። ኮሚሽነሩ ደመወዝ የለውም። ቀን ሥራውን ውሎ ማታ ስብሰባ ይገባል። የሥራ ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው። ለመወዳደር ከዚያው ክልል 25 የተመዘገቡ መራጮች ፊርማ ይበቃል። ትልልቅ አፓርታማ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ይህ የሁለት ፎቅ ጎረቤት ማለት ነው።

ሥልጣኑስ? ኮሚሽኑ ሕግ አያወጣም፣ ፈቃድም አይከለክልም። በስብሰባ ተወያይቶ ያሳለፈውን የጽሑፍ ውሳኔ ግን የከተማው መሥሪያ ቤቶች ትልቅ ክብደት እንዲሰጡት ሕጉ ያስገድዳል። መሥሪያ ቤቱ በሐሳቡ ካልተስማማ፣ ለምን እንዳልተስማማ ነጥብ በነጥብ በጽሑፍ መመለስ አለበት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን በደንብ የሚያውቁት የመጠጥ ፈቃድ የጠየቁ ምግብ ቤቶቻችን ናቸው። ማመልከቻው ሲገባ በመስታወቱ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ተቃውሞ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን እዚያ ላይ ተጽፏል። ኮሚሽኑም ይነገረዋል። ጎረቤት የሚያነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው። ሙዚቃው እስከ ስንት ሰዓት ነው? ቆሻሻው በጓሮ በኩል መቼ ይወጣል? በረንዳው ላይ ስንት ወንበር ይኖራል? ባለቤቱ ቀድሞ ሄዶ ከኮሚሽነሩ ጋር ከተነጋገረ፣ ነገሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ወረቀት ስምምነት ያልቃል። ስብሰባውን ዘሎ ተቃውሞ ከቀረበበት በኋላ የሚሯሯጥ ግን ወራት ሊያልፉበት ይችላሉ። ወራቱን ሁሉ ደግሞ ኪራይ ይከፍላል። ምግብ ቤት ልትከፍቱ ካሰባችሁ፣ ከቀለም ቀቢው በፊት ኮሚሽነሩን አግኙ።

«ድረ ገጽ ላይ አውጥተነዋል፤ ሕዝቡ ያውቃል»

ይህኛው ስህተት የእኛ ሳይሆን የተመራጮቹ ነው። ኮሚሽኖች ስብሰባቸውን አስቀድመው ማሳወቅ አለባቸው፤ ያሳውቃሉም። የምክር ቤት አባላትም በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በኢሜይል ጋዜጣ ይልካሉ። ብዙዎቹ ከልባቸው ይለፋሉ። ነገር ግን ረጅም የእንግሊዝኛ ኢሜይል መላክና ነዋሪን ማሳወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሌሊት ሠርታ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት ያንን ኢሜይል አትከፍተውም።

የኛ ሰው ወሬ የሚሰማበት ቦታ የታወቀ ነው። ቴሌግራም አለ። ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ግቢ አለ። ከጁምዓ በኋላ የመስጊድ በር አለ። እድር አለ። እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ የተለጠፈ አንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት ከአሥር ኢሜይል ይበልጣል። ተመራጭ ከሆናችሁ፣ ወይም ለመወዳደር ካሰባችሁ፣ ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ ምን ሊወሰን ነው፣ መቼ፣ ማንን ይነካል፣ ሐሳብ ያለው በየት በኩል ይናገራል። ከተወሰነ በኋላም ተመልሳችሁ ውጤቱን ንገሩ። ሰው አንዴ መጥቶ ተናግሮ ምን እንደደረሰ ካልሰማ ሁለተኛ አይመጣም። እኔም አልፈርድበትም።

«እንግሊዝኛዬ አይበቃም»

ዲሲ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች። አማርኛ በዚህ ሕግ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የከተማው መሥሪያ ቤት ስትሄዱም ሆነ ስትደውሉ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት መብታችሁ ነው፤ ክፍያ የለውም። የአሥር ዓመት ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ ማስተርጎም አይጠበቅባችሁም። አስተርጓሚ ከተከለከላችሁ ለከተማው የሰብአዊ መብቶች ቢሮ አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ። በምክር ቤቱ መድረክ ላይ በአማርኛ መናገር ከፈለጋችሁ ደግሞ ስትመዘገቡ፣ ከቀናት በፊት፣ አስተርጓሚ እንዲዘጋጅ ጠይቁ።

«ዜጋ ስላልሆንኩ አያገባኝም»

ለመናገር፣ ስብሰባ ለመግባት፣ ለተወካይ ለመደወል ዜግነት የሚጠይቅ የለም። ከዚህ አልፎ ምክር ቤቱ በ2022 ባወጣው ሕግ፣ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማው ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቅዷል። ከንቲባ፣ የምክር ቤት አባላትና የሰፈር ኮሚሽነሮች ማለት ነው። ከ2024 ጀምሮም ተሠርቶበታል። ኮንግረስ ውስጥ ሊሽሩት የሚፈልጉ ስላሉ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት የምርጫ ቦርዱን ጠይቁ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ለፕሬዚዳንትና ለኮንግረስ ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ብቻ ነው። እዚያ ላይ መሳሳት ግሪን ካርድንም የወደፊት ዜግነትንም ክፉኛ ያበላሻል። ጥርጣሬ ካላችሁ ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

«ምን ቢወስኑ ኮንግረስ ይሽረዋል»

ሊሽር ይችላል፣ ሽሮም ያውቃል። በ2023 የከተማውን አዲስ የወንጀል ሕግ ሻረ። ያንን ሕግ ምክር ቤቱ የከንቲባዋን ተቃውሞ በ12 ለ1 ድምፅ አልፎ ያጸናው ነበር። ነገሩ ትልቅ ዜና የሆነው ግን እንዲህ ዓይነት ሽረት ከሠላሳ ዓመት በላይ ስላልታየ ነው። አብዛኛው ሕግ የኮንግረስን የግምገማ ጊዜ ጨርሶ ሥራ ላይ ይውላል።

«የመንገድ መብራት ጠፋ፤ ለምክር ቤት አባሉ ልደውል»

መጀመሪያ 311 ደውሉና የጥያቄ ቁጥር ተቀበሉ። ለመብራት፣ ለጉድጓድ፣ ሳይነሳ ለቀረ ቆሻሻ ይሠራል። የተባለው ቀን አልፎ ምንም ካልተደረገ ያን ጊዜ ለዋርዳችሁ ተወካይ ቢሮ ደውሉ። ነዋሪ የሚያነሳውን ችግር የሚከታተሉ ሠራተኞች አሏቸው፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁም ያንን ቁጥር ነው።