«ሳተላይቱ ነው!»፦ ስለ ኬብል ጠለፋ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር እያወራን ድምፁ ሲቆራረጥ ጣታችን ወደ ሰማይ ይቀሰራል። «ሳተላይቱ ነው!» ይባላል። ከአገር አገር ከሚሄደው ዳታ ግን ከ95 በመቶ በላዩ የሚያልፈው ባህር ወለል ላይ በተዘረጋ ኬብል ነው። ጥልቁ ላይ ሲደርስ ኬብሉ ከአትክልት ማጠጫ ጎማ ብዙም አይወፍርም። ውስጡ ፀጉር የሚያህሉ የመስታወት ክሮች አሉ፤ ወሬያችን ብርሃን ሆኖ ይሮጥባቸዋል። ሰላይም ጆሮውን የሚደቅነው እዚያው ነው።

«ጠላቂ ልከው ኬብሉን ይቆርጡታል።» ይሄ ጨርሶ ፈጠራ አይደለም። በ1970ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ሃሊበት ከተባለው ሰርጓጅ መርከብ የወጡ የአሜሪካ ጠላቂዎች፣ ኦኮትስክ ባህር ውስጥ ባለ የሶቪየት ወታደራዊ ኬብል ላይ መቅጃ ገጥመዋል። ሳይቆርጡት! በየጊዜው እየተመለሱ ካሴቱን ይቀይሩ ነበር። ሮናልድ ፔልተን የሚባል የቀድሞ የአሜሪካ የስለላ ሠራተኛ በ1980 ምስጢሩን ለሶቪየቶች ሸጠው።

ዛሬ ግን ማን ይጠልቃል? ኬብል የሆነ ቦታ ላይ ወደ የብስ መውጣቱ አይቀርም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ባለ የአሜሪካው ስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ ሕንፃ ውስጥ ለስለላ የተዘጋጀ ክፍል ነበር፤ ክፍል 641ኤ። ማርክ ክላይን የተባለ ከኩባንያው ጡረታ የወጣ ቴክኒሻን በ2006 እንዳጋለጠው፣ በፋይበሩ (በመስታወት ክሩ) የሚመጣው ብርሃን ለሁለት ይከፈል ነበር። አንዱ መንገዱን ይቀጥላል፣ ቅጂው ወደ ክፍሉ ይገባ ነበር። ተጠቃሚው ምንም አይታወቀውም። ስለዚህ ድምፅ ሲቆራረጥ «ተጠለፍኩ» አትበሉ፤ ኔትወርክ ነው።

«አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሁሉን ይሰማል።» ማን ይችለዋል? የሚያበጥረው ኮምፒውተር ነው፤ የሚፈለግ ስልክ ቁጥር ወይም የኢሜይል አድራሻ ይሰጠዋል። ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን በ2013 ባወጣቸው ሰነዶች መሠረት፣ የእንግሊዙ የስለላ ድርጅት ጂሲኤችኪው «ቴምፖራ» በተባለው ፕሮግራሙ የመልእክቱን ይዘት ለ3 ቀን፣ ሜታዳታውን ለ30 ቀን ያስቀምጥ ነበር። ሜታዳታ ማለት ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ ደወለ የሚለው ነው። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ለሐኪም፣ ሲነጋ ለጠበቃ የደወለ ሰው ምን እንዳወራ መስማት ያስፈልጋል?

«እኛ ባህር የለን፣ ምን አገባን?» የኢትዮጵያ መስመርም በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ባህር ይገባል። ቦሌ ያለው ሰው ፒያሳ ላለው ኢሜይል ቢልክ እንኳ፣ ሰርቨሩ ውጭ ከሆነ መልእክቱ ባህር ተሻግሮ ይመለሳል።

«ፍርድ ቤት ከልክሎታል» የሚሉም አሉ። ግማሹ ልክ ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ግንቦት 2021 የእንግሊዝ የቀድሞ አሠራር የግል ሕይወትንና ሐሳብን የመግለጽ መብትን ጥሷል ብሏል። የጅምላ ጠለፋን ግን በራሱ አልከለከለም። ካያቸው ጉድለቶች አንዱ ፈቃዱን የሚሰጠው ገለልተኛ አካል ሳይሆን ሚኒስትሩ መሆኑ ነበር። እንግሊዝ ግን ከፍርዱ በፊት፣ በ2016፣ ሕጉን ቀይራው ስለነበር፣ ዛሬ የሚኒስትሩ ፊርማ ብቻውን አይበቃም፤ ዳኛ የሆነ ወይም የነበረ ኮሚሽነር ማጽደቅ አለበት።