የናና ቤተሰብ ጥንዚዛዎች ምንድን ናቸው?

ቅጠል በል ጥንዚዛዎች ከ35,000 በላይ ዝርያዎችን የያዙ ትልቅ ወገን ናቸው። አብዛኞቹ ያገኙትን ቅጠል ሁሉ አይበሉም፤ እያንዳንዱ ዝርያ የለመዳቸው ጥቂት ዕፅዋት አሉት። ከእነዚህ ውስጥ የናና ቤተሰብን፣ ማለትም የናና፣ የጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠልና የላቬንደር ዘመዶችን ብቻ የሚመርጡ አሉ።

ምርጫቸው የሚያስደንቀው ቅጠሉ ለመብላት የማይመች በመሆኑ ነው። የእነዚህ ዕፅዋት መዓዛ በቅጠሉ ገጽ ላይ ካሉ ጥቃቅን ዕጢዎች የሚወጣ ዘይት ነው፤ ብዙ ነፍሳትን ያርቃል፣ አንዳንዶቹንም ይመርዛል። ክሪሶሊና ሄርባሲያ የተባለው አብረቅራቂ አረንጓዴ ጥንዚዛ ግን ያንኑ መዓዛ ተከትሎ ናናውን ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ያልተነካ የውኃ ናና ሽታ ጥንዚዛውን እንደሚስበው፣ ተክሉ መበላት ሲጀምር ግን ተባዩን የሚያሸሹ ንጥረ ነገሮች እንደሚያመርት አሳይቷል። ሥር ሰዶ የቆመ ተክል መሸሽ ባይችልም መከላከል ያውቃል ማለት ነው።

በአትክልተኞች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ክሪሶሊና አሜሪካና ነው፤ በአረንጓዴ ጀርባው ላይ ሐምራዊ መስመሮች ተሰምረዋል፣ እውነትም ውብ ነው። የትውልድ ቦታው የሜዲትራኒያን አካባቢ ሲሆን፣ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ወዲህ በብሪታንያ ተስፋፍቷል። የጥብስ ቅጠልና ላቬንደር ያጠቃል። እጮቹም ቅጠሉን በልተው ካደጉ በኋላ አፈር ውስጥ ገብተው ወደ ጥንዚዛነት ይለወጣሉ።

ካሲዳ ቪሪዲስ ደግሞ ጠፍጣፋና አረንጓዴ በመሆኑ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ለመለየት ያስቸግራል። የዚህ ጥንዚዛ እጭ የገፈፈውን ቆዳና የራሱን ኩስ በጅራቱ ተሸክሞ እንደ ጃንጥላ ከላዩ ይዘረጋዋል።

ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ የሚመስጡት ፊሎብሮቲካ የተባሉት ጥንዚዛዎች ናቸው። እጮቻቸው የስኩተላሪያን ሥር ይበላሉ፤ ስኩተላሪያም የዚሁ የናና ቤተሰብ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት የጥንዚዛዎቹን የዘር ሐረግ ከሚበሏቸው ዕፅዋት የዘር ሐረግ ጋር ሲያነጻጽር፣ ሁለቱ በእጅጉ ተመሳስለው ተገኝተዋል። ተክሉ ወደ አዳዲስ ዝርያዎች ሲከፈል ጥንዚዛውም አብሮት ሳይከፈል አልቀረም።

በጓሮ ለሚያገኛቸው ሰው በእጅ መልቀም፣ ወይም ከሥር ጨርቅ ዘርግቶ ተክሉን ማራገፍ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ተክሉ ካበበ ፀረ ተባይ መርጨት አይገባም፤ ንቦች አበባውን አዘውትረው ይቀስማሉና።