ጠባቂዎቹ አገኙኝ፣ መቱኝ

እንኳን ለዘመነ ጽጌ በሰላም አደረሳችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ። ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ውስጤን ሲከነክነኝ ከርሞ ነው።

ባለፈው እሁድ ሊነጋጋ ሲል፣ ማኅሌቱ ገና ሳያልቅ፣ ትንሽ አየር ልውሰድ ብዬ ወደ በሩ ወጣሁ። አንዲት ልጅ መጣች፣ 22 ወይ 23 ቢሆናት ነው፣ ጂንስ ሱሪ ለብሳ ጃኬት ደርባለች፣ ጸጉሯ ላይ ሻርፕ ጣል አድርጋለች፣ ነጠላ ግን የላትም። በር ላይ ከቆሙት ልጆች አንዱ እጁን ዘርግቶ አስቆማትና "ምን መስሎሽ ነው እንዲህ ሆነሽ የመጣሽው?" አላት፣ ሰው እየሰማ። "የሌሊት ፈረቃ አድሬ ቀጥታ ከሥራ ነው የመጣሁት፣ ቤተክርስቲያን ከመጣሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል፣ እዚሁ ጥግ ቆሜ ልስማ" አለችው፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። "አይሆንም፣ ሂጂና ለብሰሽ ነይ።" ልጅቷ ሻርፗን በሁለት እጇ ጠበቅ አድርጋ ይዛ ዞረች፣ ሄደች። ከውስጥ በዚያችው ሰዓት "ንዒ ርግብየ" እየተባለ ነበር። ርግቤ ሆይ ነዪ!

እኔስ? አምስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ተመልሼ ገባሁና ማኅሌቱን ጨረስኩ።

ያ ሌሊቱን ሙሉ ስንለው ያደርነው ቃል ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ፣ ከመኃልየ መኃልይ ነው። ክረምቱ አለፈ፣ ዝናቡም አልፎ ሄደ፣ አበባ በምድር ላይ ታየ፣ የሚለውም ከዚያው ነው፣ ምዕራፍ 2። 8 ምዕራፍ ብቻ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ነች፣ ግን እኛ ቤት ከዳዊት ጋር ተጠርዛ ነው የኖረችው፣ ከመዝሙሩና ከነቢያት ጸሎት ቀጥላ፣ ከውዳሴ ማርያም በፊት። እናቴ ዳዊት ስትደግም ደርሳባት ስታልፍ ድምጿ ለስለስ ይል ነበር፣ ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

አሁን ብዙዎቻችን ይህችን መጽሐፍ ወይ እናፍርባታለን ወይ እንጫወትባታለን። የሚያፍረው "ይሄ ነገር እንዴት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገባ" ብሎ ገጹን ቶሎ ይገልጣል። የሚጫወተው ደግሞ ከተዋወቁ ሁለት ሳምንት ካልሞላት ልጅ ጋር የተነሳውን ፎቶ ቲክቶክ ላይ ይለጥፍና ከሥሩ "ፍቅር እንደ ሞት የበረታች ናት" ብሎ ይጽፋል። ወንድሜ፣ እሱን ከመጻፍህ በፊት ያቺው መጽሐፍ ሦስት ጊዜ፣ ምዕራፍ 2፣ 3 እና 8 ላይ፣ ራሷ እስክትፈልግ ድረስ ፍቅርን አታስነሡት ብላ እንደምታስምል አንብብ። ደግሞ አዲስ ነገር አይምሰላችሁ፣ ረቢ አኪባ የሚባል የአይሁድ መምህር በሁለተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ይህችን መዝሙር በግብዣ ቤት እንደ ዘፈን የሚያንጎራጉር በሚመጣው ዓለም ዕድል የለውም ብሎ ተቆጥቷል። እሱው ነው ደግሞ መጻሕፍት ሁሉ ቅዱሳን ናቸው፣ መኃልየ መኃልይ ግን ቅድስተ ቅዱሳን ናት ያለው። አይሁድ እስከ ዛሬ በፋሲካቸው ሰሞን ያነቧታል፣ እግዚአብሔር እስራኤልን ከግብፅ ሲያወጣት እንደ ሙሽራ ነው የወሰዳት ብለው።

የፍቅር ግጥም ነው? አዎ ነው። ይሄን መደበቅ የለብንም። ወንድና ሴት ናቸው፣ ይናፈቃሉ፣ አንዱ የሌላውን ዓይን፣ ጥርስ፣ አንገት ያደንቃል፣ እንደውም መጀመሪያም መጨረሻም የምትናገረው ሴቷ ነች። እግዚአብሔር የፈጠረውን ናፍቆት እግዚአብሔር አያፍርበትም። አባቶቻችን ክርስቶስና ቤተክርስቲያን፣ አምላክና ነፍስ ብለው የተረጎሙት የሥጋው ፍቅር አስጠልቷቸው አይደለም፣ ከሱ የቀረበ ምሳሌ ስላላገኙ ነው ብዬ ነው እኔ የማምነው።

አሁን ምዕራፍ 5ን ክፈቱልኝ። ሌሊት ነው። "እኔ ተኝቻለሁ፥ ልቤ ግን ነቅቶአል" ትላለች። ከዚያ በዕብራይስጡ ሦስት አጫጭር ቃላት ይመጣሉ፣ ቆል ዶዲ ዶፌቅ። ጮክ ብላችሁ በሏቸው እስኪ፣ ዶ... ዶ... እያለ በር የሚንኳኳ ነው የሚመስለው። ቆል ያው የኛው ቃል ነው፣ ድምፅ ማለት፣ ዶዲ ውዴ፣ ዶፌቅ ያንኳኳል። ከዚያ ውጭ የቆመው ይለምናል፣ እኅቴ፣ ወዳጄ፣ ርግቤ፣ እንከን የሌለብሽ፣ ክፈችልኝ፣ ራሴ በጤዛ ርሷል። አራት ስም ደርድሮ ነው የሚጠራት! ልብ በሉ፣ በሩን ገፍቶ አልገባም። ቤቱን የሠራ ጌታ በሩ ላይ ቆሞ ጤዛ ይወርድበታል። ራእይ 3:20 ላይ "እነሆ በደጅ ቆሜ አንኳኳለሁ" ያለው ማን እንደሆነ እናውቃለን።

እሷስ ምን አለች? ቀሚሴን አውልቄአለሁ እንዴት እለብሳለሁ፣ እግሬን ታጥቤአለሁ እንዴት አቆሽሻለሁ። ይሄ የኛ መልስ ነው። ክፉ መልስ እኮ አይደለም፣ አልከፍትም አላለችም፣ ብቻ አልጋው ሞቋታል። ስንቶቻችን ነን ደክሞኛል፣ ነገ ሥራ አለብኝ፣ ጾሙ ይግባና ንስሐ እገባለሁ ስንል ዓመት ያለፈብን። በመጨረሻ ተነስታ ስትከፍት መወርወሪያው ላይ ከርቤ አለ፣ ከጣቶቿ ይንጠባጠባል፣ እሱ ግን የለም። አልፏል። ፈለገችው አጣችው፣ ጠራችው አልመለሰላትም። ይህች ሴት በዚህ ሰዓት ምን አደረገች መሰላችሁ፣ ተመልሳ አልተኛችም። ነጠላዋን ደርባ በሌሊት ወደ ከተማው ወጣች።

እኔን ያስለቀሰኝ ቁጥር 7 ነው። "ከተማይቱን የሚዞሩት ጠባቂዎች አገኙኝ መቱኝ አቈሰሉኝ።" ቀጥሎ ቅጥር ጠባቂዎቹ መሸፈኛዋን ወሰዱባት ይላል። ዕብራይስጡ ረዲድ ይለዋል፣ ሴቶች ከላይ የሚደርቡት ስስ ልብስ ነው፣ ኢሳይያስ 3:23 ላይም ከሴቶች ልብስና ጌጥ ጋር ተቆጥሯል። እኛ ነጠላ የምንለውን አስቡት። እነዚህ ጠባቂዎች እኮ ሌቦች አይደሉም፣ ሽፍቶች አይደሉም፣ ከተማዋ ሰላም እንድታድር የተሾሙ ሰዎች ናቸው። ሌሊት ብቻዋን የምትሄድ ሴት አዩ፣ ምን ዓይነት እንደሆነች ወሰኑ፣ መቱ። ወዴት ትሄጃለሽ፣ ማንን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው የለም። ምዕራፍ 3 ላይ እኮ ያው ጠባቂዎች አግኝተዋት ነበር፣ ያኔ ነፍሴ የወደደችውን አያችሁት ወይ ብላ ጠየቀቻቸው፣ ጥቂት እልፍ እንዳለች አገኘችው። በምዕራፍ 5 ግን ለመጠየቅ እንኳ ፋታ አልሰጧትም።

እርግጥ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በ15ቱ የመኃልየ መኃልይ ድርሳናቱ ይህን ቦታ በመልካም ነው የሚተረጉመው፣ ጠባቂዎቹ መላእክት ናቸው፣ መጋረጃው ሲነሳ ነፍስ ይበልጥ ታያለች ይላል። ድንቅ ትርጉም ነው፣ እቀበለዋለሁ። ነገር ግን በሩ ላይ የቆምነው እኛ መላእክት አይደለንም፣ ልጅቷም ቆስላለች።

ሥርዓት ይፍረስ እያልኩ አይደለም፣ ኮሜንት ላይ እንደዛ ብላችሁ እንዳትጽፉብኝ። ነጠላ ያስፈልጋል፣ የእግዚአብሔር ቤት ክብር አለው። ግን ነጠላ የሌላትን ነጠላ አልብሳት እንጂ! እነዚያ ጠባቂዎች የነበራትን ገፈፏት፣ እኛ ደግሞ የሌላትን ምክንያት አድርገን መለስናት፣ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው? አድሮ ስንት ሰዓት ቆሞ ሠርቶ፣ ዓይኑ እንቅልፍ እያማረው፣ አልጋውን ትቶ ወደ እግዚአብሔር ደጅ የመጣ ሰው እኮ ከኛ ቀድሞ በሩን የከፈተ ሰው ነው። እኛ አምረን ለብሰን ውስጥ ቆመን ልባችን የተኛ ስንት ነን። የበር አገልጋይ ወንድሞቼ፣ ድካማችሁን አውቃለሁ፣ ብርድ ላይ ቆማችሁ ነው የምታድሩት፣ ግን ሙሽራው ርግቤ እያለ የሚጣራትን በደጁ ላይ አትምቱብን፣ እባካችሁ። ዝም ብሎ ያየም መቷል፣ እኔን ማለቴ ነው።

የተመታችው ሙሽራ ደግሞ ምን አለች? ተመልከቱ፣ ቁጥር 8 ላይ ስለ ጠባቂዎቹ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ውዴን ካገኛችሁት ከፍቅር የተነሳ መታመሜን ንገሩት ብላ ነው የላከችው። ቁስሏን አልረሳችውም፣ ግን ፍለጋዋን አላቆሙባትም። ለዚህ ነው ምዕራፍ 8 ላይ ፍቅሯን እሳት ብላ ስትጠራው ዕብራይስጡ ሻልሄቬትያ የሚለው፣ መጨረሻ ላይ ያለችው "ያ" ሃሌ ሉያ ስንል የምንጠራት የጌታ ስም ነች፣ የኛም መጽሐፍ "የእግዚአብሔር ነበልባል" ይለዋል። በመጽሐፉ ሁሉ ስሙ የሚሰማው እዚህች ቃል ጫፍ ላይ ነው። ብዙ ውኃ አያጠፋትም፣ ፈሳሾችም አያሰጥሟትም።

እህቴ፣ ምናልባት ይሄ ጽሑፍ ዞሮ ዞሮ ቴሌግራምሽ ላይ ከደረሰ፣ ይቅር በዪኝ። ያን ቀን ያስቆመሽ ሙሽራው አይደለም፣ እሱማ "ተመየጢ፣ ተመየጢ"፣ ተመለሺ፣ ተመለሺ እያለ ስምሽን ሲጠራ ነበር ያደረው። ነገ ቅዳሜ ማታ እኔና ባለቤቴ ሁለት ትርፍ ነጠላ ይዘን እንመጣለን። ከሥራ ስትወጪ ቀጥታ ነዪ፣ እስኪነጋ በሩ ላይ ነን፣ ከወይራው ሥር።