የአካባቢ ሕግ አረቃቀቅ በአዲስ አበባ ዙሪያ

አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ጉልህ ድርሻ ያለው የሚመጣው ከአስተዳደር ወሰኗ ውጪ ነው። የለገዳዲና የድሬ ግድቦች በምሥራቅ፣ ገፈርሳ በምዕራብ፣ ሦስቱም በኦሮሚያ መሬት ላይ ይገኛሉ። ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ ደግሞ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኝና ወደ አዋሽ ይገባል፤ ያም ኦሮሚያ ነው። በወንዙ ዳር በዚሁ ውኃ የለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ የከተማዋ ገበያ ላይ ይሸጣል። ውኃው ወሰኑን እየተሻገረ ይመላለሳል፤ ሕጉ ግን የሚረቀቀው ወሰኑን ተከትሎ ነው። በከተማዋ ዳርቻ የአካባቢ ሕግ ሥራ አስቸጋሪነቱ ከዚህ ይጀምራል።

የሥልጣን ክፍፍሉ መነሻ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ያውጃል፤ አንቀጽ 92 መንግሥት ሊከተላቸው የሚገቡ የአካባቢ ዓላማዎችን ያስቀምጣል። ስለ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ የሚያወጣው በአንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ ክልሎች በአንቀጽ 52 መሠረት ያንን ሕግ ተከትለው ያስተዳድራሉ። ከአንድ ክልል በላይ የሚያቋርጡ ወንዞች ጉዳይም የፌዴራል ነው። አዲስ አበባ በአንቀጽ 49 ራሷን የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ቢኖራትም ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው።

ዝርዝሩን የሚሸከሙት ግን በ1995 ዓ.ም. የወጡት ሦስት አዋጆች ናቸው። አዋጅ ቁጥር 295 የአካባቢ ጥበቃ አካላትን አቋቋመ፤ 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን፣ ማለትም ፕሮጀክት ሳይጀመር በአካባቢ ላይ የሚያስከትለው የሚጠናበትን ሥርዓት፣ 300 ደግሞ የብክለት ቁጥጥርን ደነገገ። በእነዚህ አዋጆች አነጋገር አዲስ አበባም እንደ ክልል ትቆጠራለች። ከሁሉም ጎልቶ ሊነበብ የሚገባው በአዋጅ 300 ያለው የደረጃዎች ድንጋጌ ነው፤ ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ የአካባቢ ደረጃ ማውጣት ይችላሉ፣ የላላ ማውጣት ግን አይችሉም። አጭርና ጥርት ያለ ሕግ ነው። የተጽዕኖ ግምገማው ክፍፍል ግን ይህን ያህል አልቀናውም። ፈቃዱ በፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚሰጥ ወይም ተጽዕኖው ክልል የሚሻገር ፕሮጀክት በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይመረመራል፤ የቀረው በክልሉ። ከከተማዋ ወሰን ማዶ ባለችው የኦሮሚያዋ ገላን የሚተከል ፋብሪካ ፍሳሹ የት ድረስ እንደሚደርስ ሳይጠና የየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ይከብዳል፤ ፍሳሹ የት እንደሚደርስ የሚታወቀው ደግሞ ከጥናቱ በኋላ ነው። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ራሱም እረፍት አላገኘም፤ ከባለሥልጣን ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴር ወደ ኮሚሽን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ወደ ባለሥልጣን ተመልሷል።

የአንድ ረቂቅ ጉዞ በሁሉም እርከን ተመሳሳይ መልክ አለው። አዋጅ በምክር ቤት፣ ደንብ በካቢኔ፣ መመሪያ በአስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ይወጣል። በፌዴራል ደረጃ ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያረቅቃል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አጽድቆ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይልካል፣ ቋሚ ኮሚቴ መርምሮ ባለድርሻዎችን ያወያያል፣ ከጸደቀም በኋላ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታወጃል። በኦሮሚያ ሥራው የጨፌው፣ የክልሉ ምክር ቤት፣ ነው፤ በአዲስ አበባ የከተማው ምክር ቤት። ወረዳና ቀበሌ ሕግ አያወጡም፤ ሆኖም ወንዝ ዳር የተደፋውን ቆሻሻ መጀመሪያ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

በዳርቻው ላይ የጎደለው አዋጅ የትኛው እንደሆነ ለመናገር ብዙ ማሰብ አይጠይቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአገልግሎት አቅርቦት፣ በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና በጋራ አስተዳደራዊ ጉዳዮች ላይ በአዲስ አበባ ያላትን ልዩ ጥቅም ያረጋግጣል፤ ዝርዝሩም በሕግ ይወሰናል ይላል። የዝርዝር ሕጉ ረቂቅ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቆ ወደ ፓርላማ የተላከው በሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ዘግይቶ። አዋጅ ሆኖ ግን አልወጣም። ከዚያ ቀደም ብሎ ከተማዋን በዙሪያዋ ካሉት የኦሮሚያ ከተሞች ጋር በጋራ ለማልማት የታሰበው ማስተር ፕላን ከባድ ተቃውሞና የሰው ሕይወት መጥፋት አስከትሎ በጥር 2008 ተሰርዟል። በቴክኒክ ሰነድ ብቻ የወሰን ጥያቄን ማለፍ እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ክፍተቱ ምን እንደሚያስከፍል ያሳየው የቆሻሻው ጉዳይ ነው። ለአሥርት ዓመታት ያገለገለውን የረጲ ቆሻሻ መጣያ፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለውን፣ ለመተካት በፈረንሣይ የልማት ድርጅት ድጋፍ ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠራ። ቆሻሻው የከተማዋ፣ መሬቱ የኦሮሚያ፣ ሽታው የአርሶ አደሩ ነበር። የአካባቢው ነዋሪ ተቃውሞ በመበርታቱ ቦታው ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ፣ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተዘጋ፤ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ ነበር። የአንዱን አስተዳደር ቆሻሻ ተቀብሎ የሚኖር ሕዝብ ምን ካሳ፣ ምን ቁጥጥር፣ ምን ድምፅ እንደሚኖረው ሁለቱን ወገን የሚያስር ዝርዝር ስምምነት ግን ቀድሞ ሊጻፍ ይገባው ነበር።

ወሰኑ ራሱም አልቆመም። ከተማዋና ክልሉ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ በወሰን ተስማሙ፤ በ2015 ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ኮዬ ፈጬን ያቀፈችው ሸገር ከተማ ተመሠረተች። አዲስ አበባን አሁን ከዙሪያዋ የሚያዋስናት በአብዛኛው አንድ ትልቅ ከተማ ነው። ለድርድር ይህ ሳይሻል አይቀርም፤ ከተበታተኑ ከንቲባዎች ይልቅ አንድ ተጠያቂ አለ። አዲስ አበባ በ2017 ዓ.ም. ያወጣችው የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ ጠንካራ ቅጣት ይዟል፤ ቅጣቱ የሚደርሰው ግን እስከ ወሰኗ ነው። ከላይ ገፈርሳ አጠገብ የሚለቀቅ ፍሳሽ የሚዳኘው በሌላ እጅ ነው፤ ሱሉልታ ላይ የሚለቀቀው ደግሞ ወደ ሙገርና ዓባይ ስለሚፈስ የአዋሽን ተፋሰስ ብቻ አይቶ የተጻፈ ስምምነት አይነካውም።

የተፋሰሱ ነዋሪ የሚይዘው መሣሪያ እስካሁን በአዋጅ 300 ያለው የአቤቱታ መብት ነው። ማንም ሰው የራሱ ጥቅም እንደተነካ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ጉዳት በሚያደርስ ወገን ላይ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ከአባ ሳሙኤል በታች የሚያርስ ገበሬ ማመልከቻውን ለአዲስ አበባው ወይስ ለኦሮሚያው መሥሪያ ቤት እንደሚሰጥ ግን መጀመሪያ መወሰን አለበት። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥታት ግንኙነት ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1231 ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ የጋራ መድረክ ፈጥሯል። ሁለቱ አስተዳደሮች አንድ የአቤቱታ መቀበያ እንዲኖራቸው በዚያ መድረክ ቢስማሙ ፌዴራሉ አዲስ አዋጅ ማውጣት አያስፈልገውም።